ወረቀቱን በሰዓቱ አወጣሁት

ናዝሬት፣ ዓርብ ኅዳር 16 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ እማማ ሸዋወርቅ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ከቤትዎ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ እየኖርኩ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስገርምዎት አውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ምሳ አብረን በልተናል። ያን ዕለት ልነግርዎት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አውርቼ ዘጋሁት። እርስዎም ዛሬ ይህ ውሻ ምን አድርጎሽ ነው ብለው ሳቁብኝ። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ዓይንዎን አልችለውም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ሆነ። ፊደሎቹን ትልልቅ አድርጌ እጽፋለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ገብተው ያነበቡት መጽሐፍ እንዲያ ነበርና። ቀስ ብለው ያንብቡት።

የምጽፈው ስለ ጋሽ ባጫ ነው። ስሙን ሲያዩ ወረቀቱን እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ «ልጄን የበላ» ሲሉት ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ነጠላዎን አዘቅዝቀው ሲረግሙት አጠገብዎ ቆሜ ክንድዎን የደገፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ እንደነሣው፣ ሚስቱ ቡዜም ከወንዝ ማዶ እንደመጣች ባዕድ ሆና እንደኖረች ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እማማ፣ ልጅዎን ሐዲስን ለመርማሪዎቹ የሰጠው ጋሽ ባጫ አይደለም። ማን እንደሆነ እነግርዎታለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእርስዎ ላም ወተት ስለሆነ ከዚያ ልነሣ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሐዲስ አንድ ጠርሙስ ትኩስ ወተት ለምኖዎት ነበር፤ ያስታውሱታል? ከልጅነቱ ጀምሮ ወተት አልወድም ሲል የኖረ ልጅ ነውና፣ ተመስገን ልብ ገዛ ብለው ደስ ብሎዎት ሰጡት። አልጠጣውም። ወደ ላቦራቶሪ አምጥቶት በሎሚ አረጋነው።

ያኔ የምንሠራው ከከተማው ዳር ባለው የሕፃናት ዱቄት ማዘጋጃ ውስጥ ነበር። እሱ ኬሚስት፣ እኔ ረዳቱ፣ ጋሽ ባጫ ደግሞ ዱቄቱን ወደ መመገቢያ ጣቢያዎች የሚያመላልስ ሾፌር። ድርቁ ሰው እንደ ቅጠል ያረገፈበት ዓመት ነው። በከረጢት የሚመጣልንን የወተት ዱቄት ከእህል ዱቄት ጋር ቀላቅለን እናሽጋለን፤ ጋሽ ባጫ ለመቂ፣ ለዝዋይ፣ ለደራ ያደርሳል። ከደራው ጣቢያ አበባ የምትባል ነርስ በጋሽ ባጫ እጅ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላከችልን። ዱቄቱን በደንብ የሚበሉት ልጆች አያገግሙም፣ እግራቸው እያበጠ ይሞቱብኛል ትላለች። ሐዲስ በመኪናው ተሳፍሮ ሄደ። ሲመለስ የነገረኝ ስለ አንዲት ሕፃን ነው። ሚዛን ላይ ሲያስቀምጧት ካለፈው ሳምንት ቀልላ ተገኘች፤ እናቷ ግን ልጅቷ ሳህኑን ልሳ እንደምትጨርስ እየማለች ነበር።

የዘወትር ምርመራችን ዱቄቱን በአሲድ አፍልተን ናይትሮጅን የሚባለውን ንጥረ ነገር መለካት ነበር። ናይትሮጅኑ ብዙ ከሆነ ፕሮቲኑ ብዙ ነው እንላለን። ያ ዱቄት ደግሞ በዚህ ምርመራ አንደኛ ወጣ። ሐዲስ ግን አልተዋጠለትም። ይህ ምርመራ ስንት ሰው ቤት እንደገባ ይቆጥራል እንጂ ማን እንደገባ አያይም አለኝ።

ማን እንደገባ እንዴት እንደሚታይ እሱ ባስረዳኝ በዚያው መንገድ ልንገርዎት፤ ይህ ካልገባዎት ልጅዎ ለምን እንደሞተም አይገባዎትም። ፕሮቲን ማለት በረጅም ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነው። የዶቃው ዓይነት ሃያ ብቻ ነው። የወተቱም፣ የሥጋውም፣ የባቄላውም ፕሮቲን የሚሠራው ከነዚያው ነው፤ ልዩነቱ የተሰኩበት ተራ ነው። ክሩ እንዳለ ረጅምና የተጠቀለለ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ይቆረጣል። ትሪፕሲን የሚባል ነገር አለ፤ በአንጀታችን ውስጥም ምግብ የሚፈጭልን እሱ ነው። እንደ ልቡ አይቆርጥም። ከሃያዎቹ መካከል ሁለት ዓይነት ዶቃዎችን ብቻ መርጦ ከነሱ ቀጥሎ ይበጥሳል፣ ሌላውን አይነካም። በዚህ የሚወጡት አጫጭር ቁርጥራጮች ፔፕታይድ ይባላሉ። መቁረጫው ቦታውን ስለማይስት የወተት ክር ሁልጊዜ የወተትን ቁርጥራጮች ይሰጣል፣ የባቄላው የባቄላን። ቁርጥራጮቹን ያወቀ ክሩ የማን እንደነበረ ያውቃል።

በዓይን አይታዩም። ከትልቅ የማጣሪያ ወረቀት ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ እናደርግና ወረቀቱን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ውስጥ እንሰቅለዋለን። ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ ሲሳብ እያንዳንዱን ቁርጥራጭ እንደ ጠባዩ ይዞት ይሄዳል፤ አንዱ ይርቃል፣ አንዱ ይዘገያል። ቀጥሎ ወረቀቱን አዙረን ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። የቆቃ መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ሐዲስ የሚሳደበውን ለእናቱ አልጽፍም። በመጨረሻ ኒንሃይድሪን የሚባል መድኃኒት ረጭተን ምድጃ ውስጥ ስንከተው፣ ቁርጥራጮቹ ባረፉበት ሁሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይወጣል። አንድ ቀን ጣቶቼን አይተው እንሶስላ ሞቀሽ ነው ወይ ያሉኝ ያ ቀለም ነው።

የሠራሁት የመጀመሪያው ወረቀት ገደል ገባ። በባዶ እጄ ነክቼው ነበርና ከምድጃው ሲወጣ ከነጠብጣቦቹ መካከል አውራ ጣቴ ከነመስመሩ ቁጭ ብሏል። በሰው ላብ ውስጥም ከነዚያ ዶቃዎች ስላለ መድኃኒቱ ለሱም ይቀላል። የሁለት ቀን ድካም ነበር፤ ሐዲስ ጮኸብኝ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ጓንት ያላደረገ ሰው ወደ ወረቀቶቹ እንዳይጠጋ ደነገገ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እስቲ ልየው ብሎ ሊያነሣ ሲል እጁን ቸብ አድርጎ መታው። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ አልረሳትም ግን።

የእርስዎ ላም ወተት ደስ የሚል ወረቀት ሰጠን። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ከበብናቸው። የከረጢቱን ዱቄት በዚያው መንገድ ሠርተን ስናስተያየው የሚገጥም ጠፋ። ወተት እንዳልሆነ ታወቀ፤ ታዲያ ምንድን ነው? ባቄላ ሞከርን፣ አይደለም። አኩሪ አተር ሞከርን፣ አይደለም። በመጨረሻ ሐዲስ ከቄራ የበሬ ቆዳ ቁራጭ አምጥቶ ሲቀቅል ዋለ፤ ግቢው በሙሉ ሸተተ። የቆዳው ወረቀት ከምድጃ ሲወጣ ከከረጢቱ ወረቀት ጋር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ገጠመ። ሁለቱን ደርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛቸውና ብዙ ቆየ። ወተት ተብሎ የሚታደለው ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ሙጫ ነበር። ሙጫም ፕሮቲን ነው፣ ናይትሮጅኑም ሞልቷል፤ ነገር ግን ሰውነት የግድ ከሚፈልጋቸው ዶቃዎች አንዱ ጨርሶ የለበትም፣ ሌሎቹም ጥቂት ናቸው። ልጅ ሆዱ ሞልቶ ይጠፋበታል። በየትኛው እጅ ላይ እንደተለወጠ ዛሬም አላውቅም።

ሐዲስ ሪፖርት ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ነጠብጣብ ያለባቸውን ወረቀቶች ለበላይ አካል ይታያሉ ብሎ ወሰዳቸው፤ ተመልሰው አልመጡም። በዚያው ሳምንት ሌላ መቶ ከረጢት ገባ። ጋሽ ባጫ ይህን ጭኜ አልሄድም ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አብዮቱን ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል አስረዱት፤ አምስት ልጅ አለው፣ መልሶ አነሣው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የግቢው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አደረ። የጸሐፊው እጅ እንዳይለይ ፊደሉ በማስመሪያ እንደ ተሠራ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። «በከረጢቱ ያለው ወተት አይደለም። ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ነው። ለልጆቹ አትስጡ።» ከዚህ በቀር ምንም የለበትም። ሌሎች ቅጂዎቹ እርዳታ ለሚሰጡት ፈረንጆችና ለየጣቢያው ነርሶች ደርሰው ነበር። የዱቄቱን ነገር የምናውቅ ሦስት ሰዎች ስለሆንን በዚያው ቀን ሦስታችንንም ወሰዱን።

መርማሪው ቁጡ ሰው አልነበረም። ቁጡ ቢሆን ኖሮ እልህ ይዞኝ ዝም እል ነበር። እንደ አጎት እያወራ፣ ውሃ ጠጪ እያለ፣ አምስት ቀን አመላለሰኝ። ከጎረቤት ክፍል የወንድ ጩኸት ይሰማል፤ የሐዲስ ይሁን የጋሽ ባጫ መለየት አልቻልኩም፣ ሰው ሲገረፍ ድምፁ የማንም አይደለም። በስድስተኛው ቀን መርማሪው ነገ ተራው ያንቺ ነው አለኝ። እኔ አልጻፍኩም አልኩት። ሁሉም እንዲህ ይላል አለ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

ስለ ኒንሃይድሪን ማንም አልጠየቀኝም፣ እማማ። ሰውየው ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። እኔው ነኝ ወረቀቱን የነካ ጣት ሁሉ እንዲታይ የሚያደርግ መድኃኒት አለን፣ ይረጭና የኔ ጣት እንደሌለበት እዩ ያልኩት። ሦስታችንንም ነፃ ያወጣናል ብዬ ነበር ብዬ እዚህ ላይ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሐዲስ ከጓንት ጋር የተወለደ ይመስለኝ ስለነበር ጣቱ ይገኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን አስቀድሜ ያሰብኩት የራሴን ገላ ነው። ፈርቼ ነበር። ደግሞ ይህንንም ልናገር፤ ከፍርሃቱ ሥር ትንሽ ኩራት ነበረችበት። እናንተ በጅራፍ ያቃታችሁን እኔ በሙያዬ አሳያችኋለሁ የምትል ኩራት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው ወሰዱኝ። ጣቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያስተያዩት ሰው ቢያስፈልግ ብለው ጋሽ ባጫንም አመጡት፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ከአንድ ወታደር ጋር ተቀመጠ። ሐዲስ አልመጣም። መቆም አይችልም አሉ።

ጓንቴን አጠለቅሁ። ወረቀቱን ረጨሁ፣ አናፈስኩ፣ ምድጃውን አሙቄ አስገባሁት። የኛ ደንብ አምስት ደቂቃ ነው። ሌላ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ወረቀቱ በሙሉ ይጠቁርና ምንም ነገር አይለይም። በሦስተኛው ደቂቃ በመስታወቱ ሳይ አንድ አውራ ጣት መቅላት ጀምሯል። በመሐሉ ያዘነበለ ነጭ መስመር አለው። እርስዎ ያንን መስመር ያውቁታል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሸንኮራ ሲልጥ የቆረጠው ነው፣ ደሙን በቡና ዱቄት ያቆሙለት እርስዎ ነዎት። ለጓንት ብሎ የሥራ አስኪያጅን እጅ የመታ ሰው፣ ነፍሱን የያዘችውን ወረቀት በባዶ እጁ ጻፋት። እቤትዎ፣ እራት በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ጽፏት መሆን አለበት። ቤቱ ውስጥ ጓንት የሚያደርግ ማን አለ?

ሁለት ደቂቃ ነበረኝ። ዝም ብዬ መቆም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ተቃጠለብኝ፣ ይቅርታ ብል ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ይህን እያሰብኩ፣ ራሴን እየለመንኩት፣ አምስተኛው ደቂቃ ሲሞላ እጄ ሄዶ በሩን ከፈተ። ሐዲስ ሁለት ዓመት ያስለመደኝን ሠራ። ወረቀቱን በሰዓቱ አወጣሁት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ወረቀቶች ሁሉ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ነው።

መርማሪው ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ነበር የሚያየው።

«ታውቂዋለሽ» አለኝ።

ጓንቴን አወለቅሁ።

«ካልነገርሽኝ ሦስታችሁም አንድ ላይ ትሄዳላችሁ። ከነገርሽኝ አንድ ሰው ነው።»

«የሐዲስ ነው» አልኩ።

አልተገረፍኩም። ተጨማሪ ጥያቄም አልጠየቀኝም። የተናገርኩት ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም፣ እማማ፤ ልጅዎን የበላችው ያቺ ቃል ናት።

ጋሽ ባጫን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈቱት። በራሳቸው ላንድሮቨር፣ ሰው እንዲያይ ጥሩምባ እየነፉ እደጁ አወረዱት። መርማሪው ይህን ያደረገው አስቦበት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እኔን ሁለት ሳምንት ጨምረው አቆዩኝና ጸጉሬን ላጭተው በእግሬ ለቀቁኝ። እርስዎ መንገድ ላይ አገኙኝ። አቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አብሬዎት አለቀስኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለኔ ነው። ከዚያ «ባጫ ነው አይደል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠሩት፣ እኔም እንዲያ እንዲቆጥሩት ነበር ዝም ያልኩት።

የቀረውን አብረን ነው ያየነው። ጥር ላይ ስንቁን ይዘን ስንሄድ ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መልሶ ከእንግዲህ አታምጡ ያለን ጊዜ፣ እጅዎን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አስከሬን አልተሰጠንም። አንድ ነገር ግን አልነገርኩዎትም፤ ብናገር ከየት አወቅሽ ይሉኛል ብዬ ነው። የካቲት ላይ ከረጢቶቹ በሙሉ ከመጋዘኑ ተጭነው ወጡ። ፈረንጆቹ የሐዲስ ወረቀት ደርሷቸው ዱቄቱን ወደ አገራቸው ልከው አስመርምረው ኖሯል። እውነተኛ ወተት መጣ። አበባ ከደራ እንደጻፈችልኝ በግንቦት ሚዛን ላይ የሚወጡት ልጆች መክበድ ጀምረው ነበር። ልጅዎ በከንቱ አልሞተም ማለት አልችልም፤ ያን ለማለት አፉ ያለኝ ሰው አይደለሁም። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ አሉኝ። ሳላገባው የልጅዎ ሚስት፣ ሳልወለድ ልጅዎ ሆንኩ። ልቤ እያወቀ የሱን ካፖርት ለበስኩ፣ በሱ ወንበር ተቀመጥኩ። ቢጠይቀኝ እሺ እለው ነበር፤ አልጠየቀኝም። የእርስዎ ፍቅር የሚገባኝ ሆኖ ሳይሆን ስለጣመኝ ነው የያዝኩት። የሆነ ቀን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀኑን ሳስተላልፍ አራት ዓመት ሞላ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነበር።

ቡዜ ማክሰኞ እንደሞተች ሰምተዋል። ሮብ ተቀበረች። ሬሳውን የተሸከሙት አራት የቀን ሠራተኞችና ከደራ የመጡ ሁለት ወንድሞቿ ናቸው። እድሩ በደንቡ መሠረት ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ልኳል፤ ሰው ግን አልላከም። እኔም በዚያ ቀን አልሄድኩም፣ ሥራ አለብኝ ብዬ። ዛሬ ሠልስቷ ነውና ጠዋት ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ጋሽ ባጫ ብቻውን በወንዶቹ በኩል ተቀምጧል። ልጆቹ ጓዳ ናቸው። እግዜር ያጽናህ አልኩትና ከአጠገቡ ተቀመጥኩ። ወደኔ ሳይዞር ተናገረ።

«በሩ ክፍት ነበር፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። «ስሙን ስትጠሪ ሰምቻለሁ።»

ልጄ ሆይ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ይህን ቃል በዚያ ሰዓት እንዴት እንዳወጣው አላውቅም። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

«አሮጊቷ ልጇን አጣች። የቀረሻት አንቺ ነሽ። አንቺንም ብወስድባት በምን ትቆማለች? እኔ ጀርባዬ ሰፊ ነው፣ እችለዋለሁ አልኩ።» ቀጠለ። «ለቡዜም አልነገርኳትም። ከነገርኳት ትጮኸዋለች ብዬ። ሰኞ ዕለት እጄን ይዛ፣ ልሞት ነው፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ነህ ወይ አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። አላመነችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እንደዞረች ቀረች።»

አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። አሁን ሂጂ፣ ሰው ይመጣ ይሆናል አለኝ። ስወጣ የሰማሁት የእድሩን ዕቃ ጠባቂ ድንኳኑን ዛሬ አትንቀሉት፣ እስከ ነገ ተዉልኝ ብሎ ሲለምነው ነው።

እማማ፣ እኔ እርስዎን አውቃለሁ። ይህን አንብበው ሲጨርሱ ያለቅሳሉ፣ ይረግሙኛል፤ ከዚያ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ከተው እንዳላነበቡ ሆነው ምሳ ያቀርቡልኛል። ሁለተኛ ልጅ መቅበር አይችሉምና ጋሽ ባጫ በእርግማኑ እንደታሰረ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ደብዳቤውን ሳልቀንስ ገልብጬ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ገብረወልድ ሰጥቻለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእድሩ ስብሰባ ላይ ያነቡታል። የሙጫውን ነገር ዘልዬ ላንብበው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ሹም እንደሆነ፣ ከስብሰባው መካከልም ጆሮ እንደማይጠፋ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አይዝለሉ አልኳቸው። ሙጫው ከተዘለለ ሐዲስ የሞተበት ነገር አይኖርም። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊወስዱኝ ይችላሉ። ስንቅ እንዳያመጡልኝ።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ቃሉ ያንሳል፣ ደግሞም እንዳይሰጡኝ እፈራለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እሑድ ሰዉ ሁሉ እየተሽቀዳደመ እባጫ ደጅ ይሄዳል፤ ያ ግን ተነግሮት የሚመጣ ሰው ነው። እርስዎ ነገ ይሂዱ፣ ማንም ሳያዝዎት። አፍዎ የረገመውን በዚያው አፍዎ ያንሡለት። እርስዎ ከገቡ በኋላ ሌላው ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለውም።

እኔም ነገ ከጠዋት ጀምሮ እድንኳኑ ውስጥ፣ በሴቶቹ በኩል እገኛለሁ። ሲገቡ እነሣለሁ። ከአጠገቤ አይቀመጡ፤ ባዶ አግዳሚ ብዙ አለ።

ዘመናይ